ጭላዳ ሲያወጋ

ባልና ሚስት ሲጣሉ ጩኸታቸው ከቤት ስለሚወጣ ጎረቤትም ሽማግሌም ይደርስላቸዋል። ሳይጣሉ ዝም ለተባባሉት ግን ማን ይድረስላቸው? ቤታቸው ጸጥ ያለ ነው። ልጆቹ ይበላሉ፣ ይማራሉ፣ የቤት ኪራዩም በጊዜው ይከፈላል። በመካከላቸው የቀረው ንግግር ግን «ዘይት አልቋል»፣ «የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል»፣ «ስትወጪ በሩን ዝጊው» ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ዓይነቱ ዝምታ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን በሌላ መንገድ እንሂድና ጥያቄውን ይዘን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እንውጣ። እዚያ ሣር እየጋጠ ቀኑን ሙሉ የሚያወጋ አንድ ጎረቤት አለን።

ኢዮብ ለወዳጆቹ በሰጠው መልስ ውስጥ እንስሳትንም፣ ወፎችንም፣ የባሕር ዓሦችንም ጠይቀው እንዲማሩ እንደመከራቸው እናነባለን (ኢዮ. 12፥7-8)። እኛም በዚሁ ምክር መሠረት መጀመሪያ ዓሣውን በአጭሩ፣ ከዚያም የመንዙን ጭላዳ ሰፋ አድርገን እንጠይቅ። ጥያቄያችን ሁለት ነው። ድምፁ እንዴት ይወጣል? የሚወጣውስ ለማን ነው?

ዓሣ ዝም ይላል ያለው ማን ነው?

ከመንዝና ከግሼ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በወንጭትና በጀማ ወንዞች አድርጎ፣ የመርሐቤቴን አምባዎች አቅፎ ወደ ዓባይ ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ዳር ያደገ ሰው ዓሣ ሲዘል አይቶ ይሆናል፤ ዓሣ ሲናገር ሰምቻለሁ የሚል ግን አይገኝም። ሳንባ የለው፣ ማንቁርት የለው፣ በምን ይናገራል ብለን ዝም ያለ ፍጥረት አድርገነዋል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ብዙ ዓሦች ድምፅ ያወጣሉ፤ የሚያወጡትም ባላቸው ነገር ነው። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት እንደ ከበሮ ይመቱታል። ከረጢቱ ላይ የተጣበቁት ጡንቻዎች እጅግ ፈጣን ናቸው። በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ የሚኖረው ቶድፊሽ የተባለ ዓሣ እነዚህን ጡንቻዎች በሰከንድ እስከ 200 ጊዜ ያህል ያኮማትራቸዋል። በዚህም ወንዱ ጎጆው ውስጥ ሆኖ እንደ መርከብ ጡሩንባ ያለ ድምፅ እያሰማ ሴቷን ይጠራል። ሌሎቹ ደግሞ አጥንታቸውን ያፋጫሉ። እኛ አምባዛ ከምንለው ዓሣ ጋር የሚዛመዱ ብዙ ባለ ጢም ዓሦች የደረት ክንፋቸውን እሾህ ከመገጣጠሚያው ጉድጓድ ጋር እያፋተጉ ይንጫጫሉ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በዓባይ ውኃ ከሚኖሩት አንዱ፣ ሲኖዶንቲስ የሚባለው፣ በዚህ ጩኸቱ የታወቀ ነው። ከጣናና ከዝዋይ እየመጣ ገበታችን ላይ የምናገኘው ቆሮሶም ቢሆን ወንዱ የእንቁላል መጣያ ጎጆውን ሲያዘጋጅና ከተቀናቃኙ ሲከላከል ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚያሰማ ተመራማሪዎች በውኃ ውስጥ መቅጃ አረጋግጠዋል።

ታዲያ እኛ ለምን አንሰማም? ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ግን 340 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከውኃ ወደ አየር ሊወጣ ሲል ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ወደ ታች ይመለሳል። ዳር ቆሞ «ዝም ብሏል» የሚል ሰው የተሳሳተው ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለቆመበት ቦታ ነው። ይህችን ነገር ያዟት፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ታስፈልገናለች። አሁን ከወንዙ ወደ ደጋው እንውጣ።

የመንዝ ጎረቤት

ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የጓሳ ምድር 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ውርጭማ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበት፣ ገመድ ከሚገመድበትና የእረኛ ገሳ ከሚሠራበት ከጓሳ ሣር ነው። የመንዝ አባቶች ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ለዓመታት ዘግተው ያቆዩታል፤ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው በሥርዓት ያጭዳሉ፣ ያግጣሉ። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሕዝቡ ኋላ ላይ በአዲስ መልክ አቋቁሞት ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም አይገኝም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እርሱ ብቻ ነው። ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላል፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ በቋጥኝ ጠርዝ ላይ ያድራል። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ባዶ ቆዳ ያላየ የመንዝ ልጅ የለም። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ አፍንጫው ላይ ያወጣና ጥርሱን ከነድዱ ያሳያል።

አኗኗሩ በቤተሰብ ነው። አንድ አውራ ወንድ፣ ከእርሱ ጋር ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው አንድ ቤት ይሆናሉ። ብዙ ቤቶች አንድ ላይ ሲግጡ መንጋው በመቶዎች ይቆጠራል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። (የአውራውን ብዙ ሚስት ማግባት ለምሳሌ እንዳልጠቀስኩት መቼም ታውቁልኛላችሁ! የትዳርን ሕግ ከጭላዳ አንማርም፤ የምንጠይቀው ስለ ድምፁ ብቻ ነው።) እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ አንዱ ቤት ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል፣ እናት ከልጇ፣ ሚስት ከባሏ ሳትጠፋ ውላ ማታ ወደ ገደሉ ትወርዳለች። ይህን ከሚያያይዙት ነገሮች አንዱ ድምፅ ነው።

ገብሱን ለሚጠብቀው እረኛ የጭላዳ ድምፅ የሌባ ድምፅ ነው፤ ወንጭፉን ያነሣል እንጂ ጆሮውን አያቆምም። ሳይንስም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የደረሰው። በጓሳ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የተባሉ ተመራማሪዎች የሚመሩት ጥናት የጭላዳዎቹን አመጋገብና አኗኗር ሲከታተል ቆይቷል። የድምፃቸው ጥናት ይበልጥ የተካሄደው ደግሞ በሰሜን ተራሮች፣ በጎንደር በኩል ባሉት ዘመዶቻቸው ላይ ነው። ከዚህ በታች የምንተርከው ከዚያ የተገኘውን ነው።

መሰንቆና ጭላዳ

ሳንባ ያለው እንስሳ ድምፅ ለማውጣት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። መሰንቆን ብናስብ ይገባናል። መሰንቆ የሚመታ ደጋን፣ የሚርገበገብ ጭራ፣ ድምፁን የሚያጎላ በቆዳ የተለበጠ ሳጥን አለው። በእንስሳው ውስጥ ደጋኑ ከሳንባ የሚወጣው ትንፋሽ ነው። ጭራው ማንቁርት ውስጥ ያለው የድምፅ አውታር ነው። ሳጥኑ ደግሞ ጉሮሮው፣ አፉና ከንፈሩ ነው። ሳጥኑን ማጥበብና ማስፋት ከተቻለ ከአንድ ጭራ ብዙ ዓይነት ድምፅ ይወጣል።

አብዛኞቹ የዝንጀሮ ወገኖች ድምፃቸውን ሲያወጡ አፋቸውን ብዙም አያንቀሳቅሱም። ጭላዳ ግን ለየት ይላል። ወንዱ ጭላዳ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የሚያሰማቸውን የወዳጅነት ድምፆች ተመራማሪዎች በስድስት ከፍለዋቸዋል። አንደኛው ትንፋሽን ወደ ውጭ እያስወጡ የሚባል አጭር «እህ» ነው። ሁለተኛው ይኸው «እህ» ትንፋሽን ወደ ውስጥ እየሳቡ ሲባል ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ረዘም ያሉ፣ እንደ ማንጎራጎር ያሉ ድምፆች ሲሆኑ እነርሱም አንዱ በመውጫ፣ አንዱ በመግቢያ ትንፋሽ ይሠራሉ። አምስተኛው በድምፅ የታጀበ ማዛጋት ነው። ስድስተኛው ከሁሉ የሚያስገርመው የሚርገበገበው ድምፅ ነው።

እስቲ ሁለተኛው ላይ ቆም እንበል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ መናገር ለብዙ የዓለም ሕዝብ እንግዳ ነገር ነው፤ ለእኛ ግን የዕለት ጉዳይ ነው። አያቶቻችን ወሬ ሲነገራቸው ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው «እህ!» ይላሉ። አዎ ማለት ነው፤ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። ወደ አገራችን የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሲሰማው ሰውዬው የደነገጠ ይመስለዋል። ጭላዳም ትንፋሹን በሁለቱም አቅጣጫ እየተጠቀመ፣ አንዱን በአንዱ እያስከተለ ሳያቋርጥ ያወጋል።

ስድስተኛው ድምፅ ደግሞ የከንፈር ሥራ ነው። እኛ ለሐዘን ከንፈር እንመጣለን፤ ያለ ቃል ብዙ እንናገርበታለን። ጭላዳ ግን ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እየከፈተና እየዘጋ በዚያው ላይ የማንቁርቱን ድምፅ ያክልበታል። ብዙ የዝንጀሮ ወገኖች ለወዳጅነት ከንፈራቸውን ያማታሉ፤ ነገር ግን ድምፅ አልባ ነው። ጭላዳ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቶር በርግማን በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን ድምፅ በመሣሪያ ለክቶ፣ የከንፈሩ ምት በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ መሆኑን አሳየ። የሰው ንግግር አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሠራው ምት በሰከንድ ከ3 እስከ 8 ጊዜ ያህል ነው። ሁለቱ ይቀራረባሉ ማለት ነው። በርግማን እንደተናገረው መንጋው መካከል ሆኖ ሲሠራ ከኋላው ሰው የሚያናግረው እየመሰለው ደጋግሞ ዞር ይል ነበር፤ ሲያይ ግን ጭላዳዎቹ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ለምን እንደ ሰው አይናገርም? ቀድሞ መልሱ «አፉና ጉሮሮው አልተመቸውም» የሚል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ማካክ በሚባል ሌላ ዝንጀሮ ላይ በራጅ ምስል የተደረገ ጥናት ግን አፍና ጉሮሮው ብዙ ዓይነት የአናባቢ ድምፆችን ለማውጣት እንደሚበቃ፣ የጎደለው ያንን የሚያዝዝ አእምሮ መሆኑን አመለከተ። መሰንቆው ሞልቶለት መቺው አልተሰጠውም እንደማለት ነው። እኛስ? መሰንቆውም መቺውም ተሰጥቶናል። ጥያቄው ምን እያደረግንበት ነው የሚለው ነው።

ለማን ነው የሚያወጋው?

ብዙዎቻችን እንስሳ የሚጮኸው ሲፈራ፣ ሲራብ ወይም ሲጣላ ይመስለናል። ጭላዳም እነዚህ አሉት። ነብር ወይም ውሻ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ያሰማል፤ መንጋውም ወደ ገደሉ ይሮጣል። አውራዎቹም እርስ በርሳቸው እየተባረሩ ከፍ ባለ ድምፅ ይፎክራሉ። ያ ፉከራ በወንዱ ጉልበትና ማዕረግ እንደሚለያይ ተረጋግጧል፤ የሰማ ሁሉ ባለ ድምፁ ምን ያህል እንደሆነ ከድምፁ ይረዳል።

ነገር ግን ከላይ የቆጠርናቸው፣ ብዙ ጥበብ የሚጠይቁት ድምፆች ለጠላት አይወጡም። ሞርጋን ጉስቲሰንና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት ጭላዳን በደቡባዊ አፍሪካ ከሚኖር የዝንጀሮ ወገን ጋር አነጻጸሩ። ቀላሉ «እህ» በሁለቱም ዘንድ አለ። ማንጎራጎሩ፣ ማዛጋቱና የሚርገበገበው ድምፅ ግን በጭላዳ ብቻ የሚገኙ ሆኑ። ወንዱም እነርሱን የሚያሰማው በዋናነት ከቤቱ ሴቶች ጋር በሰላም አብሮ ሲሆን ነው። ጸጉራቸውን ሲቀማመሉ፣ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ ከጠብ በኋላ ሲታረቁ ማለት ነው።

ሴቶቹስ ልዩነቱን ያስተውላሉ ወይ? በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ጥናት ይህን ጠይቋል። አውራው ቀላሉን «እህ» ብቻ ሲያሰማና ሌሎቹን ድምፆች ሲጨምርበት የሴቶቹ ምላሽ አንድ አልነበረም። ሲጨምርበት ይበልጥ ለመቀማመል ያዘነብላሉ። ከድምፅ ማጫወቻ ሲለቀቅላቸውም የተጨመረበትን ይበልጥ አተኩረው ይሰሙታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ አውራ ከፊቱ ብዙ ሥራ አለበት። ሣሩ ከውርጩ ጋር ነው፤ ሆዱን ለመሙላት ቀኑን ሙሉ መንጨት አለበት። ተቀናቃኝ ጎረምሶች ዳር ዳር እያሉ ቤቱን ሊቀሙት ይጠባበቃሉ። ሆኖም ካለው ድምፅ ሁሉ የተዋበውን የሚያወጣው አጠገቡ ላለችው ነው። እኛስ የተዋበውን ቃላችንን የምናወጣው ለማን ነው? ለአለቃችን ነው? ለእንግዳ ነው? ለስልክ ደዋይ ነው? ስልኩ ሲያቃጭል «አቤት፣ እንደምን ዋሉ!» ብሎ የሚለሰልስ አንደበት ስልኩን ዘግቶ ወደ ሚስቱ ሲዞር ሻካራ ከሆነ፣ ያ ቤት ለቅርብ ሰው የተረፈውን ፍርፋሪ እየሰጠ ነው።

ድፍን ብርና ዝርዝር

በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. ጉስቲሰንና አጋሮቿ አንድ ደስ የሚል ነገር አሳተሙ። ከ57 ወንድ ጭላዳዎች ከ1,000 በላይ ተከታታይ ወጎችን ቀድተው እያንዳንዱን ድምፅ በርዝመቱ ለኩ። ያገኙት ይህን ነው፤ ወጉ ብዙ ድምፆች በያዘ ቁጥር በውስጡ ያሉት ድምፆች እያንዳንዳቸው እያጠሩ ይሄዳሉ። ይህ ሕግ በሰው ቋንቋዎች ውስጥ ቀድሞ የታወቀ ሲሆን በጀርመናዊው የድምፅ ምሁር በፓውል መንዘራት ስም የመንዘራት ሕግ ይባላል።

በአማርኛችን እንፈትነው። «ና» ብላችሁ ጥሩ፤ ድምፁ ረዘም ይላል። አሁን «ናፍቀሽናል» በሉ፤ ያው «ና» መነሻው ላይ አለ፣ ግን ፈጠን ብሎ ያልፋል። ቃሉ ሲረዝም ክፍሎቹ ያጥራሉ። ምሁሩ መንዝን እንኳን ሊያይ በስሙም የሰማ አይመስለኝም፤ ስሙም ከአማርኛችን «መመንዘር» ጋር ዝምድና የለውም። ግን እንዴት ያለ ግጥምጥም ነው! ሕጉ ራሱ ስለ መመንዘር ነውና። ረጅም ነገር የሚሠራው ተመንዝሮ፣ በትናንሽ ዝርዝር ነው።

ታክሲ ውስጥ ድፍን ብር ይዞ ዝርዝር ያጣ ሰው አይታችኋል? ገንዘብ የሌለው አይደለም፤ አለው። ግን ረዳቱ «ዝርዝር የለኝም» ይለዋል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ገንዘብ ይዞ እንደሌለው ይሆናል። ፍቅሩን በድፍኑ የያዘ ባልም እንዲሁ ነው። «ለቤተሰቤ ሕይወቴን እሰጣለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። የሠርጉን ዕለት ወርቅ ያሰረላት፣ ስትወልድ ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል በር ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን ማክሰኞ ከሰዓት የሚሆን ዝርዝር የለውም። «እንዴት ዋልሽ?» የለም፤ «ወጡ ጣፍጧል» የለም፤ ስታወራ «እህ!» ብሎ ትንፋሽ መሳብ እንኳ የለም። ሚስቶችም በዚህ ከባሎች አንለይም። ባል ከሥራ ደክሞ ሲመጣ ስንት የምንለው ነገር እያለ ሁሉንም አጠራቅመን በአንድ ትልቅ ቀን ለመናገር እናስቀምጠዋለን። ያ ትልቅ ቀን ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጠብ ቀን ሆኖ ይገኛል።

ዝምታውም ይናገራል

ስለ ድምፅ ስናወራ ስለ መጥፋቱም ማንሣት ይገባል። አሊዛ ለ ሩ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የሰሜን ተራሮች ጥናት የሚነግረን አለ። ጭላዳዎች ሲገናኙ ድምፅ ያሰማሉ። አንዲት ሴት ከአውራዋ ተደብቃ ከሌላ ወንድ ጋር ስትሆን ግን ሁለቱም ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ይህንንም የሚያደርጉት አውራው ከ20 ሜትር በላይ ራቅ ባለ ጊዜ ነው። ከተደረሰባቸው ቅጣት ይከተላል።

ይህን የምጽፈው ዝም ያለውን ሁሉ እንድትጠረጥሩ አይደለም፤ ከዚያ ይሰውረን! ዝምታ ብዙ ምክንያት አለው። ድካም ነው፤ የኑሮ ውድነት ነው፤ ሐዘን ነው፤ ያደጉበት ቤት ልማድ ነው። በመንዝ ውርጭ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ብዙ አትለፍልፍ ተብሎ ያደገ ሊሆን ይችላል። ግን ከዚህ ጥናት አንድ ነገር እንውሰድ። በጭላዳ ቤት ድምፅ የግልጽነት ምልክት ነው። የሚሰማ ነገር የሚደረገው በሚታይ ቦታ ነው። በእኛም ቤት ቀድሞ ይወራ የነበረ ነገር መወራቱን ሲያቆም፣ ለምሳሌ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሥራ ቦታ ሰዎች፣ ስልክ ላይ ስለሚመጣ መልእክት፣ ቆም ብሎ በፍቅር መጠየቅ ይገባል። ቁጣ ሳይሆን ጥያቄ። ጭላዳው የሚቀጣው ከሆነ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ሳይሆን በፊት መጠየቅ እንችላለን።

ጆሮን የት ማድረግ

በጓሳ ሌላ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ይመላለሳል፤ እነርሱም ከእርሱ አይሸሹም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የጓሳ ጥናት እንደሚያሳየው ቀበሮው አይጥ ለመያዝ ከሞከረው ውስጥ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲሆን 67 በመቶ ያህሉ ተሳክቶለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ውሻ ሲመጣ ወደ ገደል የሚሮጥ መንጋ ለዚህ አዳኝ ሣሩን እየነጨ ይቀጥላል፤ ቀበሮውም ቀስ ብሎ እየተራመደ ግልገሎቹን አይነካም። በቆየ ጉርብትና ማን እንደሚያሰጋና ማን እንደማያሰጋ ለይተዋል።

በቤታችን ይህን የለየን ስንቶቻችን ነን? ሚስት «ዛሬ አመሸህ» ስትል ባል እንደ ውሻ ጩኸት ሰምቶት ወደ ገደሉ ይሸሻል። እርሷ ግን «ናፈቅከኝ» ማለቷ ነበር። ባል «ይህ ገንዘብ የት ሄደ?» ሲል ሚስት እንደ ክስ ትሰማዋለች፤ እርሱ ግን ወሩን እንዴት እንደሚዘልቁት ጨንቆት ነው። ዓሣውን አስታውሱ። ድምፁ ነበረ፤ ከውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ተመለሰ እንጂ። ለመስማት ጆሮን ውኃው ውስጥ ማግባት ያስፈልጋል። ለትዳር ጓደኛም ቢሆን ዳር ቆሞ «እርሱ አይናገርም» ከማለት እርሱ ወዳለበት ገባ ማለት ይሻላል። አንዳንዱ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አይናገርም፤ አብሮት ሽንኩርት ሲከተፍ፣ አብሮት መንገድ ሲሄድ ግን ይናገራል።

በቤታችን እንሞክረው

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ በዚህ ሳምንት ልንሞክራቸው የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

1. ዝርዝር እንያዝ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖር፣ ለትዳር ጓደኛችን አጭር ደግ ቃል እንናገር። ጉዳይ ካለው አይቆጠርም፤ «ዘይት አልቋል» አይቆጠርም!

2. ሲነገረን «እህ» እንበል። ስልካችንን አስቀምጠን፣ ትንፋሻችንን ሳብ አድርገን እየሰማን መሆናችንን እናሳይ። አያቶቻችን ያለ ማንም አስተማሪ ያውቁት የነበረ ጥበብ ነው።

3. ከጠብ በኋላ ቀድመን ድምፅ እናሰማ። ጭላዳ ከተጣላ በኋላ ተጠግቶ ያንጎራጉራል፤ ይቀማመላል። እኛም «ይቅርታ» የሚለው ቃል ቢከብደን እንኳ «ሻይ ላፍላልህ?»፣ «ልሸኝሽ?» ብለን መጀመር እንችላለን። ይቅርታው ይከተላል፤ መከተልም አለበት።

4. የተዋበውን ለቤት እናስቀር። ለውጭ ሰው የምንናገርበትን ትሕትና ለአንድ ሳምንት ለቤታችን ሰው እንናገርበት። ልጆቻችን ልዩነቱን ከሁሉ ቀድመው ያስተውሉታል።

አቅሙ ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ጓሳ ውጡ። ወፍራም ልብስ አትርሱ፤ ብርዱ የዋዛ አይደለም። መንጋው ከገደሉ የሚወጣው ጠዋት ነው፤ ሣር ከመጀመሩ በፊት ፀሐይ እየሞቀ ይቀማመላል። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ምግብ አትስጧቸው፤ ልጆቹንም ዝም አሰኟቸው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «እህ፣ እህ» የሚለው ይጀምራል። ያን ጊዜ ባሎች ወደ ሚስቶቻችሁ፣ ሚስቶችም ወደ ባሎቻችሁ ዞር በሉና «አንተ ምን አሰብክ?»፣ «አንቺስ?» ተባባሉ። መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።